ርችት በተከለከለበት በር ላይ የተለቀሰው ለቅሶ

[ባሕር ማዶ፣ ኦሮራ ከተማ ውስጥ፣ በሐምሌ መጨረሻ ቅዳሜ፣ ከቀትር በኋላ ነው። መናፈሻው ውስጥ የሐበሻ የሙዚቃ ፌስቲቫል ተደግሷል። በር ሁለት ላይ ብርቱካናማ ሰደርያ የለበሱ ሁለት በጎ ፈቃደኞች ፍሌር የሚባለው የእጅ ርችት እንዳይገባ ሊፈትሹ ቆመዋል። አንዱ አለምሰገድ ነው። እንግልውድ አንድ ሆስፒታል ውስጥ ሴኪውሪቲ ይሠራል፤ የሴኪውሪቲ ኮርስ ሰርተፍኬቱን በፕላስቲክ አሽጎ አንገቱ ላይ አንጠልጥሏል፣ ሜጋፎንም ይዟል። ሌላው ሀብቱ ነው። አየር ማረፊያ ዊልቸር ይገፋል። ሀብቱ ለሁሉም ነገር መልስ አለው፤ ችግሩ መልሱ አፉ ላይ እስኪደርስ ሰዉ ወሬ ቀይሮ ይጠብቀዋል። ፊታቸው ወይዘሮ ጌጥነሽ ቦርሳቸውን ጠረጴዛው ላይ ከፍተው ቆመዋል። ከሳቸው ኋላ ያለው ሰልፍ መኪና መንገዱ ድረስ ይሄዳል።]

አለምሰገድ፦ ጧፍም ፍሌር ነው ብዬሃለሁ! አለቀ!

ሀብቱ፦ ኧረ በማርያም! ጧፍ እኮ... ጧፍ ነው።

አለምሰገድ፦ ይነዳል?

ሀብቱ፦ ይነዳል።

አለምሰገድ፦ በእጅ ይያዛል?

ሀብቱ፦ ይያዛል።

አለምሰገድ፦ ይጨሳል?

ሀብቱ፦ ስታጠፋው ትንሽ...

አለምሰገድ፦ እንግዲህ! በእጅ የሚያዝ፣ የሚነድ፣ የሚጨስ። ኮርሱ ላይ እንዲህ ብሎ ነው ያስቀመጠው። አራት ሰዓት ሙሉ ኦንላይን የተጎለትኩት ለጌጥ መሰለህ?

ጌጥነሽ፦ ልጆቼ፣ ከቤተ ክርስቲያን ነው የመጣሁት። የተረፈችኝ ግማሽ ጧፍ ናት። እሷን ይዤ አገር አቃጥላለሁ?

አለምሰገድ፦ እትዬ ጌጥነሽ፣ እርስዎን አይደለም የጠረጠርኩት። ጧፉን ነው።

[ጧፏን ካርቶን ውስጥ ይጥላታል። ካርቶኑ ውስጥ የልደት ሻማ፣ ሁለት ዣንጥላና አንድ የፀጉር ስፕሬይ አለ። ፍሌር የሚባል ነገር የለም። ጌጥነሽ እያጉረመረሙ፣ የተበተነ ቦርሳቸውን ሊያስተካክሉ ወደ ዛፉ ጥላ ዞር ይላሉ።]

ሀብቱ፦ አለሜ፣ ፍሌር እኮ ያ ቱቦው ነው። ሲለኩሱት ቀይ እሳት የሚተፋው። ኳስ ሜዳ ላይ የሚያበሩት፣ አረንጓዴ ቢጫ ቀይ የሚያጨሰው።

አለምሰገድ፦ ፍሌር ለኔ? ለኔ ነው የምታስተምረኝ? ባለፈው ዓመት አንዱ ሰው መሀል ሲለኩሰው የት ነበርክ?

ሀብቱ፦ እዚሁ። ሰው ሲሮጥ አጥሩ ወደቀ። አንድ አባት ዊልቸራቸው ተገልብጦ...

አለምሰገድ፦ እኮ! ታዲያ ስምረት ዘንድሮ ምን አለች? እስቲ በቃልህ በልልኝ።

[ስምረት የእሳት አደጋ ተቆጣጣሪ ናት። በአራት ዓመቷ መጥታ እዚሁ ያደገች ልጅ ናት፤ ጠዋት ሁሉንም ሰብስባ ነግራቸዋለች። ሀብቱ እንደ አቡነ ዘበሰማያት ሸምድዶታል።]

ሀብቱ፦ አንድ ፍሌር ከበራ፣ ሙዚቃው ይቆማል፣ ሰው ወደ ቤቱ። ሰልፉ አጥሩን ከገፋ፣ ሙዚቃው ይቆማል፣ ሰው ወደ ቤቱ።

አለምሰገድ፦ ጎበዝ። ታዲያ ላብ በላብ የሆንከው ምን ሆነህ ነው?

ሀብቱ፦ ሔቨን ከአርባ ደቂቃ በኋላ ናት።

አለምሰገድ፦ ልጅህ? መድረክ ላይ?

ሀብቱ፦ የመጀመሪያዋ ነው። ስድስት ወር ሻወር ቤት ውስጥ ስትለማመድ የውሃው ቢል ሰማይ ነካ። በአማርኛ ነው የምትዘፍነው፣ አለሜ። በአማርኛ! ቤት ውስጥ "ራበኝ" እንኳ የምትለኝ በእንግሊዝኛ ነው። ሙዚቃው ከቆመ... ሁለተኛ የምትሞክር አይመስለኝም።

አለምሰገድ፦ እኔ ቆሜ? እዚህ በር ላይ ዝንብ ክብሪት ይዛ አታልፍም! አንተ ብቻ ሰው ማዘግየትህን ተው። ኮርሱ ለአንድ ሰው አሥራ ሁለት ሰከንድ ነው የሚለው። ቅድም ያንን ሰውዬ ስድስት ደቂቃ ይዘኸዋል።

ሀብቱ፦ ሰላም አልኩት።

አለምሰገድ፦ ስድስት ደቂቃ?

ሀብቱ፦ ሚስቱ ወልዳለች። ቤትም ገዝተዋል። ቤቱን በገዙ በሳምንቱ ጣሪያውን በረዶ መታው። "እንኳን ማርያም ማረቻት" ብዬ ጣሪያውን ዝም ልበለው?

አለምሰገድ፦ ጣሪያ ሴኪውሪቲ አይደለም!

ሀብቱ፦ ያንተ መስመር ግን ቆሟል። የኔ... እየሄደ ነው።

አለምሰገድ፦ የኔ የቆመው ስለምፈትሽ ነው! [በሜጋፎን] ጠጋ በሉ! ጠጋ ጠጋ! ወደ አጥሩ ተጠጉ!

ሀብቱ፦ ኧረ አታስጠጋቸው! ዊልቸር እንኳ መዞሪያ ይፈልጋል። ሰው ሲጠባበቅ ትንሽ...

አለምሰገድ፦ ቀጣይ!

[ቀጣዩ ምናሉ የሚባል ኡበር ነጂ ነው። እጁ ላይ የተጠበሰ በቆሎ፣ ኪሱ ውስጥ አንዲት የታሰረች ላስቲክ አለች።]

አለምሰገድ፦ ቆይ! ይሄ ምንድን ነው? ቀይ ዱቄት! በላስቲክ!

ምናሉ፦ ሚጥሚጣ ነው። ለበቆሎው።

አለምሰገድ፦ ሁሉም እንዲህ ነው የሚለው። ሀብቱ፣ የቀለም ጭስ ከምን ነው የሚሠራው?

ሀብቱ፦ እኔ እን...

አለምሰገድ፦ ከዱቄት! ቀይ ጭስ ከምን ይሠራል? ከቀይ ዱቄት!

ሀብቱ፦ አለሜ፣ ሚጥሚጣ ነው። ሽታው እዚህ ድረስ ይመጣል። እንዳታሸተው...

አለምሰገድ፦ ባለሙያ በአፍንጫው ነው የሚለየው። [ላስቲኩን ፈትቶ አፍንጫው ሥር ያስጠጋና በረጅሙ ይስባል።]

[ትንሽ ጊዜ ምንም አልሆነም። ከዚያ የአለምሰገድ ፊት ቀስ እያለ ቀላ፤ ጆሮው ቀላ፤ ራሰ በራው ቀላ።]

ምናሉ፦ ጋሼ? ደህና ነህ?

አለምሰገድ፦ [በቀጭን ድምፅ] እለፍ።

[ምናሉ ሚጥሚጣውን ቀስ ብሎ ከእጁ ተቀብሎ፣ በቆሎውን እየጋጠ ይገባል። አለምሰገድ ዓይኑን ያሻል። የሚያሸው ላስቲኩን በፈታበት እጅ ነው። ወዲያው እንባው እንደ ቧንቧ ይለቀቃል፤ ወንበሩን በዳበሳ ፈልጎ ዘጭ ይላል። ጌጥነሽ ከጥላው ሥር ቀና ሲሉ ያዩታል።]

ጌጥነሽ፦ ውይ በሞትኩት! ሀብቱ! ይሄ ልጅ ምን ሆነ?

[የሀብቱ መልስ አጭር ነበር፦ ሚጥሚጣ አሽትቶ ነው። ግን አፉን ሲከፍት የጌጥነሽ መዳፍ ከንፈሩ ላይ አረፈ።]

ጌጥነሽ፦ ዝም! እንዳትናገር! እንዲህ ያለ ነገር በአደባባይ አይነገርም። ከአገር ቤት ነው የመጣው?

ሀብቱ፦ [በጣታቸው መሀል] እ... መሆን አለበት። የሱቅ አይመስልም፣ በጣም ኃይለኛ ነው።

ጌጥነሽ፦ ወይኔ ልጄን! ወይኔ! ማንም ሳይዘው፣ ቁሙን፣ በሥራ ላይ ይረዳ? የዛሬ ሰው ምን ነካው? በስልክ ነው የነገሩት?

ሀብቱ፦ እትዬ፣ ኧረ ማንም አልነገረውም፣ ራሱ ነው ያሸ...

ጌጥነሽ፦ ራሱ ነው የጠረጠረው? አንጀቴን በላው! [ነጠላቸውን ለሐዘን ይዘቀዝቁታል። ወደ ሰልፉ ዞረው፣ ሹክ የሚሉ መስሏቸው] የአለምሰገድ ሐዘን ነው! መርዶ ሰምቶ ነው!

[ነገሩ በሰልፉ ላይ ወደ ኋላ ሮጠ። ፊተኞቹ ያሉትን ኋለኞቹ እስኪሰሙ አለምሰገድ ከዘመዶቹ ግማሹን አጥቶ ነበር። መንገዱ ዳር የቆሙት "ሐዘንተኛ ብቻውን ነው!" ተባብለው ወደ ፊት ገፉ። መሀል ያሉት ተገፉ። አራት መቶ ሰው ወንድሙን ሊያጽናና አንድ ላይ ተንቀሳቀሰ። የብረት አጥሩ ሲጥ አለና ወደ ሀብቱ ጎንበስ አለ።]

ሀብቱ፦ አለሜ! አጥሩ! ሰዉን አስቁመው!

አለምሰገድ፦ አይታየኝም! ዓይኔ ጠፋ! ምንድን ነው ጩኸቱ?

ሀብቱ፦ ሜጋፎኑን አምጣው! ቁልፉ የቱ ነው?

አለምሰገድ፦ ቀዩ... ቀዩን ተጫን...

[ሀብቱ ቀዩን ይጫናል። ቀዩ ሳይረን ነው። መናፈሻው ውስጥ ያሉ ዳክዬዎች በሙሉ ይነሳሉ። ሕዝቡም ለአንድ አፍታ ክው ይላል። ሀብቱ በሕይወቱ ከሦስት ሰው በላይ ፊት ተናግሮ አያውቅም፤ የሰርጉ ቀን እንኳ ያመሰገነለት ሚዜው ነው። አሁን ግን አጥሩን ያያል፣ መድረኩን ያያል፣ አፉ ከሱ ቀድሞ ይከፈታል።]

ሀብቱ፦ [በሜጋፎን] ጎበዝ! ለቅሶ የሚደረሰው እየተጋፉ ነው እንዴ? የት አገር ነው ቆሞ፣ ሰው ረግጦ፣ ሐዘንተኛ ላይ የሚወደቀው? ተቀመጡ! ባላችሁበት፣ ሣሩ ላይ! አምስት አምስት እየሆናችሁ ነው የምትመጡት። እናቶች መጀመሪያ!

[ተቀመጡ። ማንም አልተከራከረም። ጂንስ የለበሰው፣ ታኮ የተጫማው፣ የባንዲራ ቀለም ፊቱ ላይ የተቀባው፣ ሁሉም ሣሩ ላይ ተደርድሮ ተቀመጠ። አጥሩ ቀና አለ። ሀብቱ ሜጋፎኑን እንደ ትኩስ ድንች ካንዱ እጁ ወደ ሌላው ያዛውረዋል።]

ጌጥነሽ፦ [የአለምሰገድን ትከሻ ይዘው] አይዞህ ልጄ። እግዜር ያጥናህ።

አለምሰገድ፦ ምን? ማንን?

ጌጥነሽ፦ አንተን ነዋ። ሁላችንም መንገደኞች ነን።

[አምስት አምስት እየሆኑ ይመጣሉ። "ያጥናህ"፣ "ነፍስ ይማር"፣ "ይሄን የመጨረሻ ያድርገው"። አለምሰገድ ዓይኑን መግለጥ አልቻለም፤ የሚሰማው ድምፅ ብቻ ነው። ከሃያኛው "ያጥናህ" በኋላ የሀብቱን እጅ ፈልጎ ጭምቅ ያደርገዋል።]

አለምሰገድ፦ ሀብቱ።

ሀብቱ፦ አቤት።

አለምሰገድ፦ ንገረኝ። ወንድ ነኝ፣ እችለዋለሁ። ማነው?

ሀብቱ፦ ማን ማነው?

አለምሰገድ፦ ማነው የሞተብኝ?

ሀብቱ፦ ኧረ ማንም አልሞተብህም! ሚጥሚጣ ነው!

አለምሰገድ፦ በሚጥሚጣ አታታልለኝ! እኔ ይሄን ነገር አላውቀውም? ስንት ሰው አብሬ ሄጄ አርድቻለሁ! መጀመሪያ ጓደኛ ይልኩብሃል፤ አንተ ነህ። ከዚያ ትልቅ ሰው ይመጣል፤ እትዬ ጌጥነሽ ናቸው። ከዚያ ወንበር ላይ ያስቀምጡሃል፤ ይኸው ተቀምጫለሁ። "ማነው?" ስትል "ማንም የለም" ይሉሃል። አሁን ምን አልከኝ?

ሀብቱ፦ ማንም የለም አልኩህ።

አለምሰገድ፦ ወይኔ እናቴን!!

ሀብቱ፦ ኧረ ጉድ ፈላ!

አለምሰገድ፦ እናቴ ናት! ሌላ ማን ሆኖ ነው ይሄ ሁሉ ሰው የሚመጣልኝ? ፌስቲቫል ብላችሁ፣ ቲኬት ቆርጣችሁ፣ መድረክ ሠርታችሁ፣ ለካ እኔን ለማርዳት ነው የተሰበሰባችሁት! እኔ ሞኙ ቦርሳችሁን እፈትሻለሁ! ወይኔ እማዬ!

[አሁን የሚያለቅሰው የእውነቱን ነው። ሕዝቡም የእውነቱን ሲያለቅስ ሲያይ አብሮት አነባ። ሀብቱ ግራ ገብቶት፣ ጭንቅላቱን ይዞ ሳለ ጌጥነሽ እጅጌውን ይጎትቱታል።]

ጌጥነሽ፦ ልጄ፣ ጠጋ በል። ይህቺን ያዝልኝ። [ከነጠላቸው ሥር ቀይ ቱቦ አውጥተው በስውር ያቀብሉታል።]

ሀብቱ፦ እትዬ ጌጥነሽ! ፍሌር!

ጌጥነሽ፦ ቀስ በል እንጂ! ልጅህ ስትዘፍን ላደምቅላት ብዬ ነበር። እንግዲህ ሐዘን ላይ ርችት ታቅፎ መቀመጥ ነውር ነው።

ሀብቱ፦ ቅድም ሲፈትሽዎት የት ነበረች?

ጌጥነሽ፦ እዚሁ ብብቴ ሥር ነበረች። እሱ ስለ ጧፉ ሲከራከር እጅዎን ያንሱ አላለኝም።

[ጌጥነሽን ያየ ሌላው ሹክክ ብሎ መጣ። አንድ ሹፌር ከመኪናው ሻንጣ ያመጣውን ከካልሲው አወጣ። አንድ አባወራ ከሕፃኑ ዳይፐር ቦርሳ ሦስት አወጣ። የባንዲራ ቀለም የተቀባው ጎልማሳ የያዘው ከበሮ ውስጥ እጁን ከትቶ አራት ሲያወጣ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ "ይቅርታ፣ ሐዘን መኖሩን አላወቅንም" አለ። ሌሎችም ሲጨምሩ ሀብቱ አሥራ አራት ቆጠረ። ካርቶኑ ሞላ። በዚህ መሀል ስምረት ሬዲዮዋን ይዛ ከበር አንድ እየሮጠች ትመጣለች።]

ስምረት፦ ሳይረን ሰማሁ! በር ሁለት አጥሩ ሊወድቅ ነው ብለውኝ... [ትቆማለች። አራት መቶ ሰው በረድፍ ተቀምጦ ታያለች።] ዋው። ይሄን ማነው ያደረገው?

ሀብቱ፦ እ... ባህላችን ነው።

ስምረት፦ በር አንድ ላይ አሥር ሰው አሰማርቼ ጩኸቱ ሌላ ነው። እዚህ ሁለት ሰው ብቻ፣ ሰዉ ሁሉ... ዝም ብሎ ተቀምጧል። ካርቶኑ ውስጥ ምንድን ነው? ኦ ማይ ጋድ! አሥራ አራት ፍሌር? እንዴት አገኛችኋቸው?

ሀብቱ፦ ራሳቸው ሰጡን።

ስምረት፦ ራሳቸው?! [ወደ አለምሰገድ ጎንበስ ብላ ሰርተፍኬቱን ታያለች።] አንተ ነህ ኮርሱን የወሰድከው?

አለምሰገድ፦ [እየተንሰቀሰቀ] ስምረት፣ አንቺም ሰምተሽ ነው የመጣሽው?

ስምረት፦ አዎ፣ ሰምቼ ነው የሮጥኩት።

አለምሰገድ፦ እግዜር ይስጥሽ። ሥራሽን ትተሽ!

ስምረት፦ [ለሀብቱ፣ በጆሮው] ሥራውን እንዲህ የሚወድ ሰው አይቼ አላውቅም። በቃ፣ በር ሁለት ፓስ አድርጓል። ሙዚቃው ይቀጥል።

[ሀብቱ በረጅሙ ሊተነፍስ አየሩን ስቦ ገና ሳይለቀው ሙዚቃው ይቆማል። ከመድረኩ "ወገኖቻችን፣ በወንድማችን አለምሰገድ ላይ በደረሰው ከባድ ሐዘን ምክንያት ፕሮግራማችን እዚህ ላይ ያበቃል" የሚል ድምፅ ይመጣል። የሀብቱ ስልክ ይጮኻል።]

ሔቨን፦ [በስልክ] ዳድ! ሾዉን ካንስል አደረጉት! ማይኩን ከእጄ ወሰዱት! ሰምዋን ዳይድ ይላሉ! ኢዝ ኢት ትሩ?

ሀብቱ፦ ማንም አልሞተም ሔቪዬ። እዚያው ቁሚ።

ሔቨን፦ ኔክስት ነበርኩ ዳድ! ላይክ፣ ስቴጁ ላይ ወጥቼ ነበር!

ሀብቱ፦ ቁሚ አልኩሽ። እንዳትወርጂ። አባትሽ አለ። [ይዘጋዋል። ወደ ጌጥነሽ ይዞራል።] እትዬ ጌጥነሽ! እባክዎ ለሰዉ ይንገሩልኝ፣ የሞተ የለም! ሚጥሚጣ ነው ያሸተተው!

ጌጥነሽ፦ ጎሽ የኔ ልጅ። እንዲህ እያልክ አዘናጋው።

ሀብቱ፦ አላዘናጋሁትም! እውነቴን ነው!

ጌጥነሽ፦ [ለሕዝቡ] አያችሁት ጓደኛ ማለት!

[ሀብቱ ዞር ዞር ይላል። ውሸት ቢሆን ሁሉም ያምነው ነበር። ከዚያ የአለምሰገድን ስልክ ከደረት ኪሱ ይመዘዋል።]

አለምሰገድ፦ ምን ልታደርግ ነው?

ሀብቱ፦ እናትህ ጋ ልደውል።

አለምሰገድ፦ ተው! ሌላ ሰው ነው የሚያነሳው! ያኔ ያልቅልኛል! ተው ሀብቱ፣ ትንሽ ልጠራጠር!

[ሀብቱ "እማዬ" የሚለውን ስም ይነካና ድምፁን ከፍቶ ስልኩን ሜጋፎኑ መናገሪያ ላይ ይደግነዋል። ጥሪው መናፈሻውን ሁሉ ያዳርሰዋል። አንዴ። ሁለቴ። አራት መቶ ሰው አንገቱን ወደ ሜጋፎኑ ያሰግጋል። ሦስቴ።]

እናት፦ [በስልክ፣ በሜጋፎን] ሃሎ! ማነው በዚህ በእኩለ ሌሊት!

አለምሰገድ፦ እማዬ? አለሽ?

እናት፦ የት ልሂድ?

አለምሰገድ፦ አልሞትሽም?

እናት፦ ማነው እሱ የገደለኝ? ስሙን ንገረኝ! ያቺ ጎረቤቴ ናት አይደል?

ሀብቱ፦ እማማ፣ ሀብቱ እባላለሁ፣ ጓደኛው ነኝ። ማንም አልገደለዎትም። ልጅዎ ሚጥሚጣ አሽትቶ ነው እንባው የፈሰሰው። ሰው ሐዘን መሰለው። እሱም... ሐዘን መሰለው።

እናት፦ ሚጥሚጣ? በአፍንጫው?

አለምሰገድ፦ ሴኪውሪቲ ነው እማዬ። ፍሌር መስሎኝ...

እናት፦ ሃምሳ ዓመት ሞልቶህ ሚጥሚጣና ርችት አትለይም? ለዚህ ነው ከእንቅልፌ የቀሰቀስከኝ? ደግሞ ማነው እዚያ የሚስቀው? ስንት ሰው ነው አብሮህ ያለው?

አለምሰገድ፦ ...አራት መቶ።

እናት፦ አራት መቶ ሰው ሰምቶሃል?!

[መጀመሪያ የሳቀችው አንዲት ሴት ናት። ከዚያ ሣሩ ላይ ያለው ሁሉ ሆዱን ይዞ ተንፈራገጠ። ከኋላ አንዷ እልልታውን ስታቀልጠው ሁሉም ተቀበላት። ጌጥነሽ ነጠላቸውን አስተካክለው ለብሰው "እንኳን እግዜር በሕይወት አቆየዎት!" ብለው ሜጋፎኑ ላይ ይጮኻሉ። እናትየውም "አሜን፣ ማን ልበል?" ይላሉ።]

ጌጥነሽ፦ [ለሀብቱ፣ በለሆሳስ] ልጄ፣ እንግዲያው ሐዘኑ ከሌለ ያቺን ነገሬን መልስልኝ።

ሀብቱ፦ አይሆንም እትዬ።

ጌጥነሽ፦ ለልጅህ ነው እኮ!

ሀብቱ፦ ለልጄ ስል ነው አይሆንም የምለው።

[ይሄን ያለው ወዲያው ነው፤ ራሱም ገረመው። ስምረት ፕሮግራሙ እንዲቀጥል በሬዲዮዋ ለመድረኩ ነግራ፣ ካርቶኑን አቅፋ ልትሄድ ስትል ጧፏን ብቻ ከውስጡ አውጥቶ ለጌጥነሽ ይሰጣቸዋል። አሁን ሕዝቡ ደስ ብሎት፣ በአንድ ጊዜ ሊነሳና ሊሮጥ እግሩን ይሰበስባል።]

ስምረት፦ ሀብቱ! በአንዴ ከተነሱ አጥሩ አለቀለት!

ሀብቱ፦ [በሜጋፎን] ማንም እንዳይነሳ! እንደ አውሮፕላን ነው የምንገባው! ግሩፕ አንድ፦ ዊልቸር ያላችሁ፣ ሕፃን የያዛችሁ፣ ከሰባ ዓመት በላይ የሆናችሁ!

[ሁለት መቶ ሰው እጁን ያነሳል።]

ሀብቱ፦ እውነተኛ ከሰባ በላይ!

[ሦስት ሰው ይቀራል። ረድፍ በረድፍ፣ እየሳቁ፣ ልብሳቸውን እያራገፉ፣ አለምሰገድን ትከሻውን መታ መታ እያደረጉ "እንኳን ደስ ያለህ" እያሉት ይገባሉ። አለምሰገድ ለሁሉም "አሜን" ይላል። ሰልፉ አልቆ በሩ ጭር ሲል፣ ከመድረኩ በኩል አንድ ቀጭን ድምፅ ይነሳል። የመጀመሪያዋ ስንኝ ትንሽ ተንቀጠቀጠች። ሁለተኛዋ ቀጥ አለች። ሀብቱ በሩን ጥሎ መሄድ አይችልም። አጥሩን በሁለት እጁ ይዞ፣ ጀርባውን ለአለምሰገድ ሰጥቶ ይሰማል።]

እናት፦ አለም! ስልኩን እንዳትዘጋው። ማናት የምትዘፍነው?

አለምሰገድ፦ የሀብቱ ልጅ ናት እማዬ። እዚህ የተወለደች።

እናት፦ ድምፅዋ እንዴት ያምራል! አማርኛዋስ ቢሆን? ከአንተ ትሻላለች። ቆይ፣ እዚያ የሚንሰቀሰቀው ማነው? አሁንም አንተ ነህ?

አለምሰገድ፦ እኔ አይደለሁም። ሀብቱ ነው።

እናት፦ እሱም አሸተተ?

አለምሰገድ፦ አላሸተተም።

እናት፦ ሰው ሞተበት?

አለምሰገድ፦ ኧረ የሞተበት የለም።

እናት፦ ታዲያ ይሄ ሁሉ እንባ ከየት መጣ?

[አለምሰገድ ሊያስረዳ ጣቱን ያነሳል። አፉን ይከፍታል። የሀብቱን ትከሻ ያያል፣ መድረኩን ያያል፣ እንደገና ትከሻውን ያያል። ጣቱ ቀስ ብሎ ይወርዳል።]

አለምሰገድ፦ እኔ እንጃ፣ እማዬ። ቆይ፣ የሚያውቀውን ሰው ላገናኝሽ።

[ስልኩን ለሀብቱ ያቀብለዋል።]